ስለ አሜሪካውያን ደባርቅ ላይ የሚባለውና እውነታው

የሰሜን ተራሮች መግቢያ በሆነችው ደባርቅ የሚሠራ አስጎብኚ ከሁለት ወገን ይጠየቃል። ቀን ከእሱ ጋር የሚወጡት እንግዶች ስለ ጭላዳ፣ ስለ ዋልያና ስለ ራስ ደጀን ይጠይቁታል። ማታ ሰፈሩ ሲገባ ደግሞ ጎረቤቱ ስለ እንግዶቹ ይጠይቀዋል። እውነት እናታቸውን መጦሪያ ቤት አስገብተው ይረሷታል? ደሞዛቸው ስንት ነው? ሁልጊዜ የሚቸኩሉት ምን ሊደርሱበት ነው? ይህን ሁሉ ብር ከፍሎ በእግር መሄድስ ምን ይባላል? ጥያቄዎቹን የጨዋታ ማሟያ አድርጌ አላያቸውም። ለልጁ ዲቪ የሚያስሞላ አባትም ሆነ እንግሊዝኛ ተምሮ አስጎብኚ ለመሆን የሚያስብ ወጣት የሚወስነው በሰማው መልስ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ሰዉ ስለ አሜሪካ ያለው ግምት ብዙ ምንጭ አለው። እ.ኤ.አ. በ1962 (ከዚህ በታችም ዓመታቱ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከ270 የሚበልጡ የፒስ ኮር፣ በእኛ አጠራር የሰላም ጓድ፣ በጎ ፈቃደኞች ወደ ኢትዮጵያ ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ሲመደቡ፣ ለብዙ ተማሪ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ያ ወጣት መምህር ነበር። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ተራራ ሊወጣ የሚመጣው እንግዳም እየበዛ ሄደ። ፊልሙ፣ ዲቪውና ባሕር ማዶ የሄደው ዘመድ የየራሳቸውን ጨመሩ። ከኮቪድና ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ እንግዳው ቢቀንስም የሚወራው እንዳለ ነው።

የብዙው ስሕተት ሥሩ አንድ ይመስለኛል። ሕግና ደሞዝ ያመጡትን ነገር የሰው ጠባይ አድርገን እንወስደዋለን። ሌላም አለ፤ ፓርኩ ውስጥ ሳንቃበር ላይ ድንኳን የሚተክለው ፈረንጅ ሁሉ አሜሪካዊ አይደለም። ጀርመኑ፣ ፈረንሳዩ፣ እስራኤላዊው፣ ሆላንዱ በአንድ ስም ስለሚጠሩ የአንዱ አመል በሌላው ላይ ይላከካል። በዚያው ልክ ጥቁር አሜሪካዊው፣ ወይም እዚያ የተወለደው የእኛው ልጅ፣ አሜሪካዊ መሆኑ ይዘነጋል።

«ሀብታም ስለሆኑ ቲፕ ያበዛሉ»

የጉዞውን መጨረሻ ያየ ሰው ይህን ቢያምን አይፈረድበትም። ጫማው አቧራ የለበሰ እንግዳ መኪናው አጠገብ ቆሞ ብሩን ይቆጥራል። ለአስጎብኚው፣ ጠመንጃ ይዞ ለሚያጅበው ስካውት፣ ለምግብ አብሳዩና ለባለ በቅሎው ለየብቻው ያጥፍና እያንዳንዳቸውን እየጨበጠ ያስይዛቸዋል። ከሌላ አገር የመጣው ደግሞ ትንሽ ሰጥቶ፣ ወይም አመስግኖ ብቻ ይሄዳል። ያኔ አንዱ ቸር፣ ሌላው ቆንቋና ይባላል።

የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው በቀጥታ እንዲከፍል የሚያስገድደው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ከ1991 ጀምሮ አልተነካም። ለሌላው ሠራተኛ የተቀመጠው ዝቅተኛ ደሞዝ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ሲሆን እሱም ከ2009 ወዲህ አልጨመረም። ቲፑ ተደምሮ እዚያ ካልደረሰ አሠሪው ጉድለቱን እንዲሞላ ሕጉ ያዛል። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች ሙሉውን ደሞዝ ያስከፍላሉ፤ በብዙዎቹ ግን የአስተናጋጇ የቤት ኪራይ የሚወጣው ጠረጴዛ ላይ ከሚቀረው ብር ነው። ስለዚህ ከሒሳቡ ከ15 እስከ 20 በመቶ ጨምሮ መውጣት እዚያ እንደ ግዴታ ይቆጠራል፤ ሳይሰጥ የወጣ ሰው ነውር እንደሠራ ይታያል። እንግዳው ደባርቅ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ የለመደውን ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ደግሞ የአስተናጋጁ ደሞዝ በምግቡ ዋጋ ውስጥ ተካቷል፤ ስለዚህ ከዚያ የመጣው ትንሽ ቢሰጥ በንፍገት አይደለም።

ሀብቱንም በልኩ ማየት ያሻል። በ2023 በራሱ በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ ድሃ የተባለው ሕዝብ ከ36 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ከመቶው 11 ገደማ ማለት ነው። ግጭ ድረስ የወጣው ተጓዥ ለዚህ ጉዞ ብሎ ለዓመታት ያጠራቀመ መምህር ወይም ነርስ ሊሆን ይችላል። ገቢው ወደ ብር ሲመነዘር ዓይን ይሞላል፤ ኪራዩም፣ ሕክምናውም፣ የትምህርት ዕዳውም የሚከፈለው ግን በዚያው በዶላር ነው። በቲፕ የመኖርን አሠራር ግን እኛ ባንወርሰው እመርጣለሁ። ብርድና ዳገት ችሎ የሚውል ባለ በቅሎ የእንግዳውን ስሜት እየጠበቀ መኖር የለበትም፤ የቀን ክፍያው ራሱ ሊያኖረው ይገባል።

«እረፍት አያውቁም፣ ዝም ብለው ይሮጣሉ»

ዳባት ገበያ ላይ ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ሲገናኙ ልጁ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ የታመመው ጎረቤት ሁሉ ተጠይቆ ሳያልቅ ወደ ሌላ ጉዳይ አይገባም። አሜሪካዊው ደህንነትህን ጠይቆ መልሱን በቅጡ ሳይሰማ ያልፋል። በእነሱ ዘንድ ይህ የመንገድ ሰላምታ ብቻ ነው፤ «ደህና፣ አንተስ?» ብሎ ማለፍ ይበቃል። ንቀት የለበትም።

የጉዞው ጥድፊያ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በሦስት ቀን ሳንቃበርን፣ ግጭንና ጨነቅን አዳርሶ ራስ ደጀንን ሳይሞክር የሚመለሰው እንግዳ ብዙ ጊዜ ትዕግሥት አጥቶ አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የግል ድርጅት ለሠራተኛው ደሞዝ የሚከፈልበት የዓመት ዕረፍት እንዲሰጥ አያስገድድም። ብዙ አሠሪዎች በራሳቸው ፈቃድ ይሰጣሉ፤ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ሁለት ሳምንት ካገኘ እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚያ ላይ የመምጫና የመመለሻ በረራው፣ ላሊበላው፣ ጎንደሩ ሲቀነስ ለተራራው የሚተርፈው ያው ሦስት ቀን ነው። ጀርመኑ ረጋ ብሎ ሳምንት የሚቆየው አራት ሳምንት ዕረፍት በሕግ ስለተጠበቀለት ነው።

የእኛን ሕግ ከዚህ ጋር ማስተያየት ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት ከነደሞዙ ይፈቅዳል፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ለወላድም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደሞዟ ይሰጣታል። አሜሪካ ውስጥ በ1993 የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ የሚሰጠው እስከ 12 ሳምንት ነው፤ ያውም ያለ ደሞዝ፣ ያውም 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባለው ድርጅት። አንዳንድ ግዛቶች የራሳቸውን ክፍያ ጨምረውበታል። በሕጋዊ ውል የተቀጠረች የደባርቅ ሆቴል ሠራተኛ በአዋጁ ያላትን መብት፣ ቡና የምታቀርብላት አሜሪካዊት ላታገኘው ትችላለች። የእኛ አዋጅ ገበሬውንና በራሱ ሥራ የሚተዳደረውን እንደማይነካ፣ የሚነካቸውም ቢሆኑ ሁሉም መብታቸውን እንደማያገኙ አውቃለሁ። ቢሆንም «እነሱ ዕረፍት አይወዱም» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። የሚወዱትን ያህል አይሰጣቸውም።

«ታላቅ አያከብሩም»

ክላሹን ያነገተ፣ ጋቢውን የደረበ፣ ጢሙ የሸበተ ስካውት ከፊት ይሄዳል። ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላት እንግዳ በስሙ ትጠራዋለች፣ «አንተ» ትለዋለች። የሚያየው ሰው ይቀየማል። ልጅቷ ግን አገሯ አለቃዋንም የምትጠራው በስሙ ነው፤ ስም መጥራት እዚያ የመቀራረብ ምልክት ነው። ያም ሆኖ ተማሪ መምህሩን «ሚስተር» ወይም «ሚስ» ብሎ በአባት ስሙ ይጠራል፤ በደቡቡ ክፍል ልጆች ለታላላቆቻቸው «ሰር»፣ «ማም» ማለትን እየተማሩ ያድጋሉ። አስጎብኚው መነሻው ላይ «ጋሼ በይው» ወይም «አያ በይው» ቢላት ደስ ብሏት ትቀበላለች፤ ሽማግሌውም እስከ ጉዞው ፍጻሜ እንደ ልጁ ያያታል።

ጠመንጃውን ትፈራለች የሚባለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ከአሜሪካ ጎልማሶች አንድ ሦስተኛ ያህሉ የራሳቸው መሣሪያ አላቸው። ገጠር ያደገ አሜሪካዊ ከስካውቱ ጋር ቶሎ የሚግባባበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

«ልጅን በ18 ዓመቱ ያስወጣሉ፣ እናትን ለመጦሪያ ቤት ይሰጣሉ»

ደባርቅ ላይ ሰውን ከሁሉ የሚያስደነግጠው ይህ ነው፤ ከሁሉ የተጋነነውም ይኸው ነው። እናት ቤት ውስጥ፣ በልጅ ልጆቿ መካከል፣ ምድጃዋ አጠገብ እያለች መሞት ክብር በሆነበት አገር «ለሰው ሰጧት» የሚለው ወሬ እንደ ርግማን ይሰማል።

አሥራ ስምንት ዓመት በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች በሕግ ለአካለ መጠን የሚደረስበት ዕድሜ ነው፤ በእኛም ሕግ እንደዚሁ። ብዙ ወጣት በዚያ ዕድሜ ለኮሌጅ ከቤት ይወጣል፤ ልጅ ራሱን እንዲችል መፈለግም የባሕላቸው አንዱ ክፍል መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በወረርሽኙ ወቅት፣ ሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ላይ፣ ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል ሲያጠና ከ18 እስከ 29 ዓመት ካሉት አሜሪካውያን 52 በመቶው ከወላጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ከዚያ በፊትም ቁጥሩ ትንሽ አልነበረም፤ ኪራይ የማይቀመስ ሲሆን ልጅ ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል።

ሽማግሌዎቹን ስናይ፣ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ከሆነው ውስጥ በአንድ ጊዜ መጦሪያ ቤት ያሉት ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም። አብዛኛው በራሱ ቤት ነው ያለው። ኤ.ኤ.አር.ፒ. የተባለው የአረጋውያን ማኅበር በ2020 ባወጣው ጥናት የታመመ ወይም አቅም ያጣ ቤተሰባቸውን ያለ ክፍያ የሚንከባከቡ አሜሪካውያን ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሥራ ሲወጡ የእናታቸውን መድኃኒት የሚያስውጡ፣ ቅዳሜ ገላዋን የሚያጥቡ ልጆች ናቸው። በ2015 ኒው ዮርክ ታይምስ ያወጣው ትንታኔ ደግሞ አማካዩ አሜሪካዊ ጎልማሳ ከእናቱ የሚኖረው በ18 ማይል ርቀት ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በእኛ 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዳባት እስከ ደባርቅ ካለው መንገድ ብዙም አይለይም።

መጦሪያ ቤት የሚገባው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ ሊወጣው ያልቻለ ሕመም ያለበት ነው፦ ራሱን የሳተ፣ አልጋ ላይ የዋለ፣ ሌሊት የሚያስታምመው የሚያስፈልገው። ባልም ሚስትም ሥራ በሚውሉበት ቤት፣ ያለ ደሞዝ ፈቃድ፣ ማን ያስታምም? እኛ ጋ እናትን ቤት ውስጥ የሚያቆያት ፍቅር ብቻ አይደለም። ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ፣ ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ፣ ደሞዝ የማይታሰብላት ምራትም አሉበት። ስለ እነሱ ሳናወራ በአሜሪካዊው ላይ ብቻ መፍረድ ትክክል አይመስለኝም።

«ሃይማኖት የላቸውም» የሚለው ሌላው ወሬም ባጭሩ ስሕተት ነው። ፒው በ2023 እና 2024 ባደረገው ጥናት ከአሜሪካ ጎልማሶች 62 በመቶው ክርስቲያን ነኝ ብሏል፤ 44 በመቶው በየቀኑ እጸልያለሁ ብሏል። ምንም ሃይማኖት የለኝም የሚለው 29 በመቶ ነው። እንግዳው ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ቢበላ አምላክ የለሽ ሆኖ ሳይሆን የእኛን ጾም ስለማያውቀው ነው።

«ከጠየቅከው ይሰጥሃል»

ይህ እምነት መንገድ ዳር ያሉ ልጆችን ጎድቷል። ከቡይት ራስ ጀምሮ «ብር!»፣ «እስክሪብቶ!» እያለ የሚከተል ልጅ ከትምህርት ገበታ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። አሜሪካውያን እርግጥ ብዙ ይሰጣሉ፤ በ2023 ለበጎ አድራጎት የሰጡት ከ500 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከግለሰቦች የወጣ ነው። የአሰጣጥ ልማዳቸው ግን በድርጅት በኩል ነው፤ በድርጅት የሰጡት ከታክስ ሊቀነስላቸው ይችላል፣ መንገድ ላይ ለልጅ የሰጡት አይቀነስም። አሜሪካ ውስጥ በ1961 የተመሠረተው የአፍሪካ ዱር እንስሳት ፋውንዴሽን ሰሜን ተራሮች ውስጥ አዲስጌ ላይ ያሠራው ትምህርት ቤት የዚህ ዓይነቱ ስጦታ ውጤት ነው። ልጁን ወደ መንገዱ የሚልክ ወላጅ ከእስክሪብቶው ይልቅ ይህን ቢያስብ ይጠቀማል።

«አሜሪካ የገባ ዘመድ ይኮራል፣ ስልክ አያነሳም»

ደባርቅ ላይ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ላይ እኩለ ቀን ወይም ከዚያ አንድ ሰዓት አልፎ ነው፤ ወንድምህ ሥራ ላይ ነው፣ ስልኩም ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ሊሆን ይችላል። ጠዋት 1 ሰዓት ስትደውል ደግሞ እሱ ዘንድ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። ከ65 ዓመት በታች ካለው አሜሪካዊ አብዛኛው የጤና መድን የሚያገኘው በአሠሪው በኩል ስለሆነ፣ ሥራውን ያጣ ሰው መድኑንም ሊያጣ ይችላል። አዲስ የገባ ሰው ተጨማሪ ፈረቃ ተሠራ ሲባል እምቢ ለማለት የሚፈራው፣ ለለቅሶም ለሠርግም ሳይመጣ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ለሐዘን ፈቃድ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ እዚያ የለም፤ የእኛ አዋጅ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ከነደሞዙ ይሰጣል። በየወሩ የሚልከው ብር ከኪራዩ፣ ከመድኑና ከመኪናው ዕዳ በኋላ ከቀረው ላይ ተቆርጦ የሚመጣ ነው።