ከሳይክል ላይ የሚሰጥ የእግዜር ሰላምታ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የአሥር ዓመቱ የልጅ ልጄ ከሳይክል ወድቆ ቀኝ ክንዱ ተሰበረ። በፍጥነት እየነዳ አልነበረም፤ ጓደኛም አልገፋውም። የወደቀው ሰላምታ ሲሰጥ ነው። ሰላምታውን ያስተማርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ቤታችን ባሕር ዳር ነው። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ሳይክል እዚህ እንደ እግር ነው የሚቆጠረው። ተማሪው፣ አስተማሪው፣ አናጺው፣ ገበያ የምትሄደው ሴት ሁሉም ይነዳል። እኔም በ1970ዎቹ መጨረሻ በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቄ ሥራ ስጀምር የመጀመሪያ ደመወዜን አጠራቅሜ የገዛሁት አሮጌ ሳይክል ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጤና ጣቢያ የተመላለስኩት በሳይክል ነው።

የልጁ ነገር እንዲህ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ እንዲያመጣ ላክሁት። መንገድ ላይ አንድ የሠፈራችን ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አያቸው። “ትልቅ ሰው አይተህ ዝም ብለህ እንዳታልፍ” እያልኩ ስላሳደግሁት ቀኝ እጁን ከመሪው አንሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ “እንደምን አደሩ አባባ” አላቸው። ዓይኑን ከእሳቸው ሳይመልስ ከፊቱ ይሄድ የነበረ ባጃጅ ሰው ለማውረድ ቆመ። መሪው ላይ የቀረው ግራ እጁ ብቻ ነበር። በእሱ ሳይክል የግራ ፍሬን የሚይዘው የፊቱን ጎማ ነው። ደንግጦ ጭምቅ ሲያደርገው የፊቱ ጎማ ቀጥ አለ፣ የኋላው ተነሣ፣ ልጁም በመሪው ላይ አልፎ አስፋልቱ ላይ ወደቀ።

ጎረቤት ወጌሻ ጋ እንውሰደው አለ። እኔ ግን ክንዱን በካርቶንና በነጠላዬ አስሬ ራጅ ወዳለበት ወሰድሁት። አጥንቱ ከእጅ አንጓው ከፍ ብሎ ተሰብሯል። አምስት ሳምንት በጀሶ ቆየ።

የዚያን ቀን ማታ የልጁ አባት፣ ማለትም የራሴ ልጅ፣ ድምፁን ሳያነሣ እንዲህ አለኝ፤ “እማዬ፣ ከእንግዲህ ሳይክል ላይ ሰላምታ የሚባል ነገር ይቅር። ዓይኑን መንገዱ ላይ አድርጎ ይሂድ። የሰው ሐሜት አጥንት አይሰብርም።” መልስ አጣሁ። ልጁ አልጋው ላይ ሆኖ የሚሰማን መስሎኝ ዝም አልኩ። ነገር ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የአባቱ ነገር እውነት ነው፤ ሙሉ እውነት ግን አልመስልህ አለኝ።

ከበቅሎ የወረደ ልማድ

የእኛ ሰው ለሰላምታ ያለውን ቦታ ሁላችንም እናውቃለን። “የእግዜር ሰላምታ ነፈገኝ” ከማለት የበለጠ ወቀሳ የለም። ገንዘብ ያልሰጠ ሰው ቸግሮት ነው ይባላል፤ ሰላምታ ያልሰጠ ግን ምክንያት አይገኝለትም፤ ጠግቧል፣ ኮርቷል ወይም ተቀይሟል ነው የሚባለው።

ተቀምጦ የሚሄድ ሰው ደግሞ ዕዳው ይበልጣል። አያቴ በቅሎ ነበራቸው። የሚያከብሩት ሰው በእግሩ ሲመጣ ካዩ ከበቅሎ ይወርዱ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርሱም ወርደው ይሳለማሉ። ቀብር ካጋጠማቸው ወርደው፣ በቅሎዋን እየሳቡ ጥቂት ይሸኛሉ። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ዝቅ ብሎ ለሚሄደው ቀድሞ ሰላም ይበል የሚለው ነገር በእስልምናም አለ። አንዲት ሙስሊም ጎረቤቴ እንዳስረዳችኝ በነቢዩ ትምህርት መሠረት በእንስሳ የተቀመጠ ለእግረኛ፣ እግረኛ ለተቀመጠ፣ ጥቂቶች ለብዙዎች ቀድመው ሰላምታ ያቀርባሉ። እኔና እሷ በዚህ ጉዳይ አንድ ነን።

ሳይክል ከተማችን ሲገባ ይህ ልማድ ከበቅሎ ወርዶ ሳይክል ላይ ወጣ። በወጣትነቴ ሽማግሌ ሲያዩ ከሳይክል የሚወርዱ ጎልማሶች ነበሩ። ያኔ መንገዱ ባዶ ነበር። ዛሬ ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ ሞተሩና ከባድ መኪናው ተጨምሯል። ሰላምታው እንደ ድሮ ቀጥሏል፤ መንገዱ ግን ድሮ የነበረው አይደለም። የልጅ ልጄ የወደቀው በዚህ መካከል ነው።

ታዲያ ለምን አናስቀረውም?

ማስቀረት ያልሆነልኝ በአንድ ጠዋት ምክንያት ነው።

በ1990ዎቹ በየማለዳው ወደ ሥራ ስሄድ አንድ የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ከፋብሪካ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እንገናኛለን። እሳቸው በጥቁር ሳይክል፣ እኔም በሳይክሌ። ስማቸውን ለብዙ ጊዜ አላውቅም ነበር፤ “ጋሼ” እላቸዋለሁ፣ “ሲስተር” ይሉኛል። ፈገግ ይላሉ፣ ቀኝ እጃቸውን ከመሪው ትንሽ ከፍ ያደርጋሉ፣ “ሲስተር፣ እንዴት አደርሽ፣ በርቺ” ይላሉ። ከዚያ በላይ ተነጋግረን አናውቅም።

አንድ ማክሰኞ ግን ሳይክላቸውን አጠገባቸው አቁመው መንገድ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። “ጋሼ፣ ምነው ደኅና አይደሉም?” አልኳቸው። ፈገግ ለማለት ሲሞክሩ ከንፈራቸው በአንድ ወገን ብቻ ተነሣ። ያነሡት እጅ ግራውን ነበር፤ ቀኙ ተንጠልጥሏል። “ሲስተር” ለማለት ፈልገው አፋቸው ውስጥ ቃሉ ተጠቀለለባቸው። ከአጠገባቸው ብዙ ሰው አልፏል። አንዱ ምች መትቷቸው ነው ሲል፣ ሌላው ጠጥተው አድረዋል ሲል ሰማሁ። እኔ ግን የትናንቱን ሰላምታቸውን አውቀዋለሁ። ጋሪ አስቁመን ሆስፒታል አደረስናቸው። ስትሮክ ነበር፤ የደም ግፊታቸውም እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ።

ተርፈዋል። ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ሳይክልም ሁለተኛ አልነዱም። ከዚያ በኋላ በከዘራ ተደግፈው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጡ ነበር። እኔም እዚያ ስደርስ ከሳይክሌ እወርዳለሁ። እስኪያርፉ ድረስ እንዲሁ ነበርን።

ለአያቶችና ለወላጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስትሮክ የጠረጠረ ሰው ሦስት ነገር ያያል፤ ፊት ሲስቅ ይጣመማል ወይ? ሁለቱም እጅ እኩል ይነሣል ወይ? ንግግሩ ጥርት ያለ ነው ወይ? ልብ በሉ፣ እነዚህ ሦስቱ ሰላምታ ስንሰጥ የምናደርጋቸው ናቸው፤ ፈገግ እንላለን፣ እጅ እናነሣለን፣ ቃል እንናገራለን። በየቀኑ ሰላም የምንለው ሰው ሲለወጥ ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው ሰላምታውን የለመደው ነው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ድንገት ከተለወጠ ጊዜ አታባክኑ፤ የጀመረበትን ሰዓት ያዙና በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ውሰዱ። መዋጥ ሊያቅተው ስለሚችል ውኃም ምግብም አትስጡ። ደም ፈስሶም ሊሆን ስለሚችል አስፕሪን በራሳችሁ አታውጡ።

ይህን ታሪክ ለልጄ ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና “እሺ፣ ሰላምታው ይኑር፤ እጁ ግን ከመሪው አይነሣ” አለ። ከዚያ ሦስታችን፣ ጀሶ ያሰረውም ልጅ ጭምር፣ ተቀምጠን ተመካከርን።

ተመካክረን ያወጣነው ሥርዓት

በመጀመሪያ፣ ሰላምታ የሚሰጠው በራስና በአፍ ነው። ራስን ዝቅ አድርጎ “እንደምን ዋሉ” ማለት ይበቃል። ሁለቱም እጅ መሪው ላይ፣ ጣት ፍሬኑ ላይ። ዓይን ሰውየው ላይ የሚያርፈው ለቅጽበት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ መንገዱ።

እግረኛ ትልቅ ሰው ሲገጥም ፍጥነት መቀነስ ራሱ አክብሮት ነው። መንገዱ ጭር ያለ ከሆነና ሽማግሌው ሊያነጋግሩት ከፈለጉ ከኋላ የሚመጣ ነገር አለመኖሩን አይቶ፣ ዳር ይዞ፣ ቆሞ ይወርዳል። እየነዱ መጎንበስ የለም።

ሳይክል ነጂ ከሳይክል ነጂ ሲገናኝ አንድ ቃል ይበቃል። የእኛ ሰላምታ እንደምታውቁት ረጅም ነው፤ እናት፣ አባት፣ ልጆች፣ ከብቱም ሳይቀር ይጠየቃል። ጎን ለጎን እየነዱ ቤተሰብ መጠየቅ ግን መንገድ መዝጋት ነው። ወሬ ያለው ዳር ይውረድ። ወጣቶች እየነዱ እጅ ሲጨባበጡ፣ ትከሻ ሲያያዙ አያለሁ፤ አንዱ ሲንገዳገድ ሁለቱም ይወድቃሉ። ዕቃ ጭኖ ወይም ልጅ አዝሎ የሚነዳ ሰው ደግሞ መልስ ባይሰጥ አይቀየሙት፤ “በርታ” ብሎ ማለፍ ነው።

ደወል ሰላምታ አይደለም። ደወል “መጣሁ፣ ተጠንቀቁ” ነው። ለሰላምታም ለማስጠንቀቂያም ከተደወለ ሰው ወዳጅ መስሎት ዞር ይላል እንጂ ከመንገድ አይወጣም። ለትልቅ ሰው ከጀርባ መደወልም ማስደንገጥ ነው፤ ራቅ ብሎ ደውሎ፣ ሲቃረብ ቀስ ማለት ይሻላል።

ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ እየነዳ አያማትብ፤ መሳለም የፈለገ ይውረድ። ለቀብርም ይውረድ፤ ሳይክሉን እየገፋ ይለፍ። ይህ ከአያቴ በቅሎ የወረስነው ነው፤ አደጋም የለበትም።

ሰንሰለት የወለቀበት ወይም ጎማ የተነፈሰበት ሰው መንገድ ዳር ካየ “ሰላም ነው?” ብሎ ማለፍ አይበቃም። ልጅ ስለሆነ መጠገን ባይችል እንኳ ቆሞ “ሰው ልጥራ?” ይበል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ልጁ ፍሬኑን ይወቅ። ሳይክሉን አቁማችሁ፣ አንዱን እጀታ ጨምቃችሁ ወደ ፊት ግፉት፤ የማይዞረው ጎማ የትኛው እንደሆነ ይይ። ለሌላውም እንዲሁ። የልጅ ልጄ ሁለት ዓመት ሲነዳ የግራው እጀታ የቱን ጎማ እንደሚይዝ አያውቅም ነበር። እኔም አልጠየቅሁትም።

ሄልሜት ነገርም አለ። የዚያን ቀን ራሱ ላይ አልነበረም። ጭንቅላቱ አለመመታቱ ዕድል ነው እንጂ ጥንቃቄ አይደለም። ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ደኅና ቢመስልም ቢያንስ ለአንድ ቀን ከዓይናችሁ አታርቁት። ደጋግሞ ካስታወከ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለውና ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ደም ወይም ውኃ መሰል ነገር ከወጣ፣ ወይም ካንቀጠቀጠው ሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና ውሰዱት።

የእኛ የትልልቆቹ ድርሻ

ሥርዓቱን ያወጣነው ለልጁ ነበር። ዋናው ሥራ የእኛ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው።

ልጁ በወደቀ በሦስተኛው ቀን ያ ሰላም ያላቸው ሽማግሌ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት መጡ። አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ጀሶውን በጣታቸው ነካ አደረጉና “በእኔ የተነሣ ነው” አሉ። “የለም አባባ፣ በእኔ ነው” አልኳቸው። እሳቸው ግን ቀጠሉ። “ባለፈው አንዱ የሠፈር ልጅ በሳይክል ሲያልፍ እጁን ስላላነሣልኝ ለአባቱ ነግሬ አስቆጥቼዋለሁ። ይኼም ሰምቶ ይሆናል” አሉ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረው “ከእንግዲህ ራስህን ነቅነቅ አድርግልኝ፤ እኔ አይሃለሁ፣ ይበቃኛል” አሉት።

የልጅ ልጄ ፊት ሲፈታ አየሁ። አምስት ሳምንት ሙሉ እኔ ከሰጠሁት ምክር ሁሉ ያ ቃል በለጠበት። ልጆቻችን እጃቸውን ከመሪው የሚያነሡት የእኛን ቅያሜ ፈርተው ነው። ስለዚህ ከእኛ የሚጠበቀው እንዳንቀየም ብቻ አይደለም፤ እንደማንቀየም አስቀድመን በአፋችን እንንገራቸው። እግረኛ ስንሆን ቀድመን ሰላም ብንላቸውም ክብራችን አይቀንስም። በሚነዳ ሰው ላይ ደግሞ “ና እስቲ፣ አባትህ እንዴት ናቸው?” ብለን አንጣራ።

መንገዱም ቢሆን ሊረዳን ይችላል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው። እንዲህ ያለ መስመር ባለበት ቦታ ሰላምታም ይቀላል፤ ከኋላ የሚመጣ መኪና አያሳስብም። በየሠፈሩ እስኪዳረስ ድረስ ግን የምንነዳው ከባጃጁ ጋር ነው።

ጀሶው ከተፈታ በኋላ ልጁ ሳይክል ለመንካት ፈርቶ ሳምንታት ቆየ። እኔም አልገፋሁትም። ከመስቀል በኋላ አንድ እሑድ ማለዳ ግን አዲስ ሄልሜቱን አድርጎ ወጣ። እኔ ደጃፍ ቆሜ አየዋለሁ። ሽማግሌው ከቅዳሴ ሲመለሱ ነበር። ልጁ ቀስ አለ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ራሱን ዝቅ አድርጎ “እንደምን አደሩ አባባ” አላቸው። እሳቸው ከዘራቸውን ከፍ አድርገው “እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ፊትህን እይ!” ብለው መለሱለት።

ቸር እንሰንብት።