ዶሮን በንጽሕና መቀለብ

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫ፣ በሾኔና በአካባቢያቸው ባሉት ቀበሌዎች ከእንሰቱ ጓሮ ጋር ጥቂት ዶሮ የሌለው ቤት ብዙ አይገኝም። ዶሮይቱን የምትቀልበው እናት ናት፤ እንቁላሉን ሸጣ ጨውና ሳሙና የምትገዛውም እርሷው ናት። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በተለይ ለእናቶች ጽፈነዋል፤ ማንበብ የሚችል ልጅ በቤት ካለ ጮኽ ብሎ ያንብብላችሁ።

ቆጮ ጠግቦ ለማደር መልካም ምግብ ነው፤ በክፉ ዘመንም ብዙ ቤተ ሰብ አድኗል። ነገር ግን ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን የሚባለው ነገር በቆጮ ውስጥ እጅግ ትንሽ ነው። ሕፃን ልጅ ቆጮ ብቻ ሲበላ ሆዱ ቢሞላም እድገቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሲብስበትም እግሩና ፊቱ ያብጣል፣ ጠጉሩም ይሳሳል። መካከለኛ መጠን ያለው አንድ እንቁላል ግን 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይዟል። ስለዚህ 6 ወር ለሞላው ልጅ ከእናቱ ጡት ጋር በደንብ የበሰለ እንቁላል መስጠት ይገባል። እንቁላሉን ሁሉ ለገበያ አውጥቶ ለልጁ አንድም አለማስቀረት ግን በእኛ አስተያየት ኪሳራ ነው።

ይሁን እንጂ ይህችው ዶሮ ለልጁ በሽታ ልታመጣበትም ትችላለች። በኩሷ ውስጥ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ይኖራሉ። እርሷ ደኅና ትመስላለች፤ ሕፃኑ ግን መሬት ላይ እየዳኸ እጁን ወደ አፉ ሲያስገባ ተቅማጥ ይይዘዋል። በገጠር ኢትዮጵያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ዶሮ ያላቸው ሰዎች ልጆች በቁመት የተሻሉ ሆነው መገኘታቸውን፣ ዶሮዎቹ ሌሊት ሰው በሚተኛበት ቤት የሚያድሩ ከሆነ ግን ይህ ጥቅም እንደማይገኝ አመልክቷል። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ያለው በአያያዙ ላይ ነው ማለት ነው።

ወደ ምግቡ እንለፍ። የአገር ዶሮ ቀኑን ሙሉ ጓሮ ስትጭር ትል፣ ምስጥ፣ ሣርና የወደቀ ፍሬ ትለቅማለች። ይህ ብቻውን ግን እንቁላል ለመጣል አይበቃትም። ለእንቁላል የተመረጠች የውጭ ዘር ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም ትበላለች። የአገራችን ዶሮ ሰውነቷ ትንሽ ስለ ሆነና ከፊሉንም ራሷ ፈልጋ ስለምታገኝ፣ ለእያንዳንዷ ጧት አንድ ጭብጥ፣ ማታ አንድ ጭብጥ ይበቃል። ሦስት እጅ የተከካ በቆሎ ወይም ስንዴ፣ አንድ እጅ ፍሩሽካ፣ አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ አድርጎ በደረቁ ማቀላቀል ነው። ፋጉሎው ዘይት ከሚጨመቅበት ቤት ይገኛል፤ ከታጣም ልጆች ምስጥ ቆፍረው ቢያመጡላት እርሷ ትወደዋለች። የጎመን ቅጠል ከትፎ መጨመር መልካም ነው።

የእንቁላል ቅርፊት አይጣል። ዶሮ ቅርፊቱን የምትሠራው ከካልሲየም ነው፤ ካጣች ከገዛ አጥንቷ እየወሰደች ትደክማለች፣ እንቁላሏም ስስ ይሆናል። ቅርፊቱን ምጣድ ላይ በደንብ አምሶ፣ በሙቀጫ አልሞ ከመኖው ጋር መቀላቀል ነው። ሳይልም እንደ ነበረ ከተሰጣት ግን የራሷን እንቁላል መብላት ትለምዳለች፤ ይህንንም አመል ማስተው እንዴት እንደሚያስቸግር ያየ ያውቀዋል!

ጫጩቶች ደግሞ ሙሉ እህል መዋጥ አይችሉም፤ የላመ መኖ ይፈልጋሉ። እናቲቱም ቀድማ እንዳትጨርስባቸው እነርሱ ብቻ በሚያልፉበት ሰፋ ያለ ቀዳዳ ባለው ቅርጫት ሥር ማቅረብ ነው። የውኃቸው ሳሕን ጠፍጣፋ ይሁን፤ ገብተው እንዳይሰጥሙም ጠጠር ይደረግበት።

የሻገተ እህል ለሰው ካልሆነ ለዶሮ ይሁን የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ በልተው አለቁ፤ በሻጋታው ውስጥ ያለው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የታወቀውም ከዚያ በኋላ ነው። መርዙ ቢታጠብም ቢቀቀልም አይጠፋም። ለዘር የተዘጋጀና መድኃኒት የተቀባ ባለቀለም በቆሎም ፈጽሞ አይሰጥ። ቦሎቄ ጥሬውን ይጎዳታል፤ በደንብ ይቀቀል። አረንጓዴ የሆነ ወይም የበቀለ ድንች፣ የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ፣ ጨው የበዛበት ትርፍራፊም አይሰጣት።

አሁን ስለ አቀራረቡ። መኖን በቤት ውስጥ መሬት ላይ መበተን ዶሮን ልጅ ወደሚድህበት ስፍራ መጥራት ነው። ለሁለት የተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ገንዳ አድርጋችሁ ከዶሮይቱ ጀርባ ከፍታ ጋር ትክክል አቁሙት፤ ያን ጊዜ ረግጣ ኩሷን አትጥልበትም። ቦታውም ከማድ ቤት፣ ከውኃ እንስራና ቆጮ ከሚቀበርበት ጉድጓድ ራቅ ያለ ይሁን። ሰው የሚበላበት ሳሕን ወይም የቤት ሰፌድ ለዶሮ አይዋል። የተረፈው መኖ ማታ ይነሣ፤ አለዚያ አይጥ ይጠራል። የውኃ ዕቃው በየቀኑ ይፈተግ።

ሌሊት ዶሮን ውጭ አሳድሩ ስንል እናቶች «ሸለምጥማጥና ሌባስ?» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ቆጡ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ፣ በአራት እግር ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በጠንካራ እንጨት ተሠርቶ መዝጊያ ይበጅለት፤ እግሮቹ በቆርቆሮ ቢጠቀለሉ አውሬው መውጣት አይችልም። ከሥሩ አመድ ይነጠፍ፤ ኩሱ ጧት ጧት ተጠርጎ ጉድጓድ ይግባ፤ በስብሶ ሲያበቃ ለእንሰቱ ፍግ ይሆናል።

መኖ የሰጠ፣ ኩስ የጠረገ፣ እንቁላል የሰበሰበ ሰው ሁሉ፣ ልጆችም ጭምር፣ እጁን በሳሙና ወይም በአመድ ይታጠብ። እንቁላል ላይ ያለ እድፍ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ የሚታጠበው ሊበስል ሲል ብቻ ነው፤ አስኳሉም እስኪጠጥር ይብሰል። ልጆች ከሜዳ ኤሊ ይዘው ሲመጡም እንዲሁ ነው፤ ኤሊም ሳልሞኔላ ትይዛለች። በአሜሪካ ትናንሽ ኤሊዎች እንዳይሸጡ እ.ኤ.አ. በ1975 የተከለከለው ልጆችን ስላሳመሙ ነው። ደግሞም ምግቧ ሣርና ቅጠል ነውና በእንጀራና በቆጮ አትኖርም፤ ወደ ሜዳዋ ትመለስ።

ዶሮ ክንፏን ጥላ ካንቀላፋች፣ አረንጓዴ ኩስ ካስቀመጣት ወይም አንገቷ ከተጠማዘዘ ፈንግል ሊሆን ስለሚችል ለብቻዋ ትለይ፣ ለእንስሳት ጤና ሠራተኛም ይነገር። ለያዛት መድኃኒት የለውም። ክትባቱ ግን አለ፤ የሚሰጠውም ጤነኛ ሳለች ነው። በፈንግል የሞተችውን አርዶ መብላት ወይም ለውሻ መጣል ሳይሆን በጥልቅ ጉድጓድ ኖራ ወይም አመድ ነስንሶ መቅበር፣ የበላችበትንም ቀርከሃ ማቃጠል ያስፈልጋል።