ተጨማሪ መረጃ፦ ያያችሁትና ያሰባችሁት

ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በደባርቅ ከተማ ማለዳው ብርዳም ነው፤ ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ወደ ትምህርት ቤት ስትሄዱ ጓደኛችሁ ሰላም ሳትላችሁ አለፈች እንበል። ወዲያው «ተቀይማኛለች» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሆድ ይብሳል፤ በዕረፍት ሰዓትም እናንተው ትሸሿታላችሁ።

እንዲህ ሳናስበው ብቅ የሚል ፈጣን ትርጓሜ «አውቶማቲክ ሐሳብ» ይባላል። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በስፋት ጽፎበታል።

ነቅቶ ማስተዋል ደግሞ ሐሳቡን ሳያባርሩት፣ ሳይፈርዱበትም፣ «አሁን ‹ተቀይማኛለች› የሚል ሐሳብ መጣብኝ» ብሎ መለየት ነው። ያያችሁት ዝም ብላ ማለፏን ብቻ ነው። ጋቢው ጋርዷት ይሆናል። ከምር ተቀይማም ሊሆን ይችላል (ነገሩ «በጎ በጎውን አስቡ» ማለት አይደለም)፤ ያኔ መጠየቅ ከመሸሽ ይሻላል።

ሐሳብን መከታተል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዋልድባን በመሳሰሉ ገዳማት የሚታወቁት መጻሕፍተ መነኮሳት፣ ማለትም ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ መነኩሴ ከሐሳቡ ጋር ስላለው ትግል ያስተምራሉ። ዓላማቸው መንፈሳዊ ሕይወት እንጂ ሕክምና ስላልሆነ የእነሱ ትምህርትና ከላይ ያየነው ዘዴ አንድ ናቸው አይባልም።

ሞክሩ፦ ዛሬ የሚያናድዳችሁ ነገር ሲገጥማችሁ ደብተራችሁን ለሁለት ከፍላችሁ አስምሩ። በግራ ያያችሁትንና የሰማችሁትን፣ በቀኝ ያሰባችሁትን ጻፉ። የትኛው ረዘመ?