ውጅግራና የበር መወርወሪያ

ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የቆርቆሮ በራችሁን እንዴት ነው የምትዘጉት? መወርወሪያውን ትገፋላችሁ፣ እጀታውን ወደ ታች ትጥላላችሁ፣ አለቀ። እጅ ስለለመደው ልብ የሚለው የለም። ዓድዋ ላይ ብዙ ሰው በትከሻው አንግቶ የዘመተባት ውጅግራ የምትባለው ጠመንጃም የምትዘጋው በዚሁ መላ ነው።

እስቲ ተነሡና ሞክሩት። መወርወሪያውን እስከ መጨረሻው ግፉት፤ እጀታውን ግን አትጣሉት። ጫፉን በአውራ ጣታችሁ ወደ ኋላ ገፋ ስታደርጉት ሸርተት ብሎ ይመለሳል። አሁን እጀታውን ጥላችሁ ድገሙት። ፍንክች አይልም! ብረቱ ያው ነው፣ ጉልበታችሁም ያው ነው። የተለወጠው እጀታው የብረት ትከሻ ላይ ጀርባውን መስጠቱ ብቻ ነው።

ውጅግራን የነደፋት ባዚል ግራ የሚባል የፈረንሳይ ጦር ካፒቴን ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1874። ከእሷ በፊት የነበረው ሻስፖ የሚባለው ጠመንጃም የሚዘጋው በመወርወሪያ ነበር፤ ጥይቱ ግን በወረቀት የተጠቀለለ ስለሆነ እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ የሚከላከለው አንዲት የጎማ ቀለበት ነበረች። ጎማ ደግሞ እሳት አይወድም። ግራ ወረቀቱን ጥሎ የነሐስ ቀለህ አመጣ።

ይቺን ቀለህ አትናቋት። ባሩዱ ሲነድ ግፊቱ ነሐሱን ወጥሮ ከጉርሻው ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል፤ ጭሱ ወደ ኋላ የሚሾልክበት ቀዳዳ ያጣል። እርሳሱ ከአፈሙዝ ሲወጣ ግፊቱ ይረግባል፣ ነሐሱም በጥቂቱ ይኮማተራል። ስለዚህ መቀባበያውን፣ ማለትም የጠመንጃዋን መወርወሪያ፣ ስትስቡት ባዶው ቀለህ ተጎትቶ ይመጣል። አንድ ዕቃ ለቅጽበት ክዳን ይሆናል፣ ወዲያው ደግሞ ክዳንነቱን ይተዋል። በአንዳንድ የአገራችን ገበያዎች ጥይት እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ሆኖ ነበር፤ ክብሩ በዝቶበታል አልልም።

ውጅግራ አንድ ጎራሽ ናት። በእጅ አንድ ታጎርሷታላችሁ፣ ትዘጋላችሁ፣ ትተኩሳላችሁ፣ ትከፍታላችሁ፣ እንደገና ታጎርሷታላችሁ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ባለ ብዙ ጥይቱን ለበን ሲታጠቁ ውጅግራ ከመጋዘን ወጥታ በርካሽ ተሸጠች፤ በኦቦክና በጅቡቲ በኩልም ወደ እኛ ገባች። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ነበረች። አርባ ዓመት አልፎ፣ ከአላማጣ ሽቅብ ማይጨው ላይ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ውጊያ ሲሆን ደግሞ ከዘማቹ መካከል ያረጀ ጠመንጃ ብቻ የያዘው ብዙ ነበር።

አሁን ወደ ዛሬዋ የራያ ቆቦ እንምጣ። እንበልና ከአያት የወረሳችሁት የውጅግራ ሰደፍ ቤት ውስጥ አለ። አፈሙዙ ከአጎት፣ መቀባበያው ደግሞ ከሌላ ቤት ተገኘ። ገጣጥመን እንደ ጥንቱ እናቁማት ብትሉ የትኛው ቁራጭ ከየትም ቢመጣ ግድ የለም? የትኛውስ ባዕድ አይቀበልም?

እንጨቱ ብዙ አይከራከርም። ጠባዩን ግን እወቁ። የራያ ቆላ ሐሩር እንጨት ያደርቃል፤ የደረቀ እንጨት ይኮማተራል። መጥረቢያችሁ ከእጀታው ሲላቀቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ታሳድሩት የለም? ጠዋት ጥብቅ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ ደረቅ ሲል ደግሞ ተመልሶ ይላላል። ሰደፍም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አዲስ ሰደፍ የሚጠርብ ሰው በደንብ ያልደረቀ ወይራ ከተጠቀመ፣ ክረምት ላይ ግጥም ያለው ብረት በበጋ ይንቀጫቀጫል።

መቀባበያውና አፈሙዙ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ሁለተኛ ሙከራ እንሥራ። የበራችሁን መወርወሪያ በኩራዝ ጥላሸት አጥቁሩት፤ ዝጉት፣ ገፋ አድርጉት፣ ክፈቱት። ጥላሸቱ የተጠረገበት ቦታ ብረት ብረትን የነካበት ነው። ሰፊ ይሆናል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ትገረማላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ የጥፍር ጫፍ የምታህል ጠርዝ ብቻ ናት። ሌሊቱን ሙሉ በሩን የያዘችው እሷ ናት።

ውጅግራም ላይ የፍንዳታውን ግፊት የሚሸከመው ከእጀታው ሥር ያለው አንድ ወፍራም ብረት ነው፤ እሱም የሚደገፈው አንድ ትከሻ ላይ ነው። ከሌላ ጠመንጃ የመጣ መቀባበያ ሊገባ ይችላል፣ ሊዘጋም ይችላል። ነገር ግን ትከሻውን የሚነካው በጥፍር ጫፍ ያህል ከሆነ፣ ወይም በመቀባበያው ፊትና በቀለሁ ቂጥ መካከል ትርፍ ክፍተት ካለ፣ ቀለሁ ወደ ኋላ ተገፍቶ ሊቀደድ ይችላል። ያን ጊዜ እሳቱ የሚያገኘው የተኳሹን ዓይን ነው። በዚያ ላይ ውጅግራ የተሠራችው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ግፊቱ ለእሷ አይደለም። ስለዚህ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመች ውጅግራ ግድግዳ ላይ ታምራለች፤ እንድትተኮስ ግን አልመክርም፣ ለሠርግ እንኳ ቢሆን። ባዶ ናት ብላችሁም አትመኑ፤ መጀመሪያ ከፍታችሁ ጉርሻዋን እዩ።

ሕጉም አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መያዝንም መጠገንንም በፈቃድ አድርጓል፤ የአያት ቅርስ ናት ማለት ብቻውን አያስኬድም።

ብረቶቹ ዘመድ መሆናቸው እንዴት ይታወቃል? ፋብሪካው ራሱ ነግሮናል። በአፈሙዙ፣ በመቀባበያውና በሌሎች ብረቶች ላይ ቁጥር ተመትቷል። ቁጥሩ አንድ ከሆነ አብረው ተወልደው እስከ ዛሬ አልተለያዩም ማለት ነው፤ ከተለያየ ደግሞ በመንገድ ላይ የተገናኙ ናቸው። በጎኗ ላይ በእጅ ጽሑፍ መሰል ፊደል የፋብሪካው ስም ይነበባል፤ ሴንት ኤቴን፣ ሻቴሌሮ ወይም ቱል ሊል ይችላል። ሳንጃዋ ከተገኘችም ጀርባዋን አዙሩ፤ ስለቱ የሌለበት ጠርዝ ላይ ፋብሪካውና ዓመተ ምሕረቱ ተቀርጾ ታገኛላችሁ።

ይህን ጽሑፍ የሚያጠፋው ዝገት ብቻ አይደለም፤ ቸኩሎ የሚያጸዳም ሰው ያጠፋዋል። ብርጭቆ ወረቀት ዝገቱንም ቁጥሩንም አንድ ላይ ይልጣል። በዘይት የተነከረ ጨርቅ አልብሷትና ትደር፤ በማግሥቱ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ አሁንም ድገሙ። ብሎን ከጎደለ ከቆቦ ሱቅ ያገኛችሁትን በግድ አታስገቡ፤ የድሮው ጥርስ ከዛሬው አይገጥምም። ቀዳዳውን ማስፋት ደግሞ መመለሻ የለውም። ቀዳዳውን እንዳለ ትታችሁ ብረቱን ፈቃድ ላለው ብረት ቆራጭ ስጡና በልኩ አንድ ብሎን ያውጣላችሁ።