ስፌት ለእርጅና ምን ይጠቅማል?

ዛሬ ስለ ስፌት እንነጋገራለን።

በየቤታችን ሸምገል ያሉ እናት ይኖራሉ። ሰፌድ፣ ሙዳይ፣ መሶብ ሲሰፉ የኖሩ ናቸው። አሁን ግን «እማማ፣ ደክመዋል፤ ይረፉ» እንላቸዋለን። ወስፌውን ከእጃቸው እንቀበላለን። ይህን እኛ አክብሮት እንለዋለን። እሳቸው ግን ጥግ ይዘው ብቻቸውን ይውላሉ። ብቸኝነት እኮ ይጎዳል። እንቅልፍ ይነሳል፤ ሐሳብ ያበዛል።

እስቲ ሦስት አራት እናቶች ተሰብስበው ሲሰፉ ተመልከቱ። አንደኛዋ አክርማውን በውሃ ይነክራሉ። ሌላዋ አለላውን በየቀለሙ ይለያሉ። ጌጡ እንዲገጥም ስፌቱን መቁጠር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አእምሮ ይሠራል። ወስፌው ሲወጋ፣ ሳሩ ሲሳብ ጣት ይፍታታል። ቀለሙ አላማረም ተብሎ ክርክር ይነሳል፤ ይሳቃል። ቡናውም አለ። አንዷ ከቀሩ «ምን ሆነው ይሆን?» ተብሎ ልጅ ይላካል። ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይኸኛው ይመስለኛል።

ነገሩ የኛ አገር ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅት ከ3000 በላይ ጥናቶችን መርምሮ፣ ኪነ ጥበብና የእጅ ሥራ ለጤና እንደሚረዱ ገልጿል። መድኃኒት ግን አይተኩም። የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

የእናታችሁ ዓይን ከደከመ፣ ብርሃን ካለበት ደጅ አስቀምጧቸው። ጣታቸውን ካመማቸው ቀለም ይለዩ። አባቶችም ገመድ እየገመዱ አብረው ይቀመጡ።

ስንደዶ የሚነቀለው በመስከረም ነው። ያን ጊዜ ሄዳችሁ ንቀሉላቸው።