አውሬው በእውነት ከጥንት ሰው የመጣ ነው?

የወንጀል ልቦለድ እወዳለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜውም ስለተገኘ፣ በወጣትነቴ የተማርኳት ፈረንሳይኛ እንዳትጠፋኝ እያልኩ የማነበው ይህንኑ ነው። ሰሞኑን የጨረስኩት የዣን-ክሪስቶፍ ግራንዤን «ላ ፎሬ ዴ ማን» ነው፤ «የሙታን መናፍስት ጫካ» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ደራሲው ቀድሞ ጋዜጠኛ የነበረ ሲሆን፣ ሌላው ልቦለዱ ተዋናዩ ዣን ሬኖ በተወነበት ፊልም ብዙዎች ያውቁታል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በፓሪስ ሴቶች እየተገደሉ ሥጋቸው ተበልቶ ይገኛል። ግድግዳው ላይ የዋሻ ሥዕል የሚመስል ምልክት በደም ተስሏል። ከሟቾቹ አንዷ የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የምትንከባከብ ነርስ ናት፤ ሌላዋ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ሦስተኛዋ የጥንት ሰዎችን ምስል የምትቀርጽ አርቲስት ናቸው። ዣን ኮሮዋ የተባለች መርማሪ ዳኛ ዱካውን ተከትላ እስከ ኒካራጓ፣ ጓቲማላና አርጀንቲና ትሄዳለች። ጥርጣሬው የሚያመራው ኦቲዝም ወዳለበት አንድ ልጅ ነው። መጨረሻውን አልነግራችሁም። መጽሐፉ ከያዘ አይለቅም፤ ግን የሚዘገንን ነገር ስለሚበዛው ለልጆች አይሆንም።

ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ በመሆኔ ግን አንድ ነገር አላስተኛኝም። ልቦለዱ በኦቲዝም ውስጥ ከጥንት የተረፈ አውሬ እንዳለ አድርጎ ያስፈራል። ይህን ሐሳብ ከሁለት በኩል ልየው።

በመጀመሪያ የጥንቱን ሰው። ሰው ሰውን የበላበት ዘመን መኖሩ እውነት ነው። በፈረንሳይ ሙላ-ጌርሲ በተባለ ዋሻ ውስጥ በድንጋይ ቢላ የተከተፉ የኒያንደርታል አጥንቶች ተገኝተዋል። ነገር ግን እዚያው ፈረንሳይ፣ ላ ሻፔል-ኦ-ሴን በሚባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ሌላ ኒያንደርታል ተገኝቶ ነበር። ማርሴላን ቡል የተባሉ ምሁር አጥንቱን መርምረው ጎባጣ፣ ጉልበቱ የማይዘረጋ፣ ከዝንጀሮ ያልራቀ ፍጡር አድርገው አቀረቡት። «የዋሻ ሰው» ሲባል በዓይናችን የሚመጣው አውሬ ብዙው የመጣው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ሁለት ባለሙያዎች አጥንቱን እንደገና ሲያዩት ግን ሰውዬው የመገጣጠሚያ በሽታ ክፉኛ ያሠቃየው ሕመምተኛ ሆኖ ተገኘ። አብዛኞቹ ጥርሶቹም ረግፈዋል። እንዲህ ሆኖ መቆየቱ፣ አጠገቡ የሚረዳው ሰው ነበረ ብለው ብዙ ተመራማሪዎች እንዲያስቡ አድርጓል። አያችሁ? በሽተኛውን አውሬ አሉት።

በአጥንት ላይ ያለ የቢላ ምልክት ሁሉ የግድያ ምልክትም አይደለም። በእኛው አፋር፣ ሄርቶ በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1997 የተገኙት የራስ ቅሎች ወደ 160 ሺህ ዓመት ይጠጋሉ። ከእነሱ አንዱ የትንሽ ልጅ ነው። የቢላ ጭረት አለበት፤ ደግሞም ብዙ እጅ እንደዳሰሰው ዕቃ ለስልሷል። ተመራማሪዎቹ ይህን ያዩት እንደ ምግብ ትርፍ ሳይሆን፣ ለሙታን ይደረግ እንደነበረ ሥርዓት ነው።

ሁለተኛው ኦቲዝም ነው። ኦቲዝም ልጁ ከመወለዱ በፊት የሚጀምር የአንጎል እድገት ልዩነት ነው። ጭካኔ አይደለም፤ የእናት ጥፋትም፣ የክትባት ውጤትም አይደለም። ልጁ ሲጮህ፣ ሲነክስ ወይም ራሱን ሲመታ አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙን፣ ረሃቡን ወይም የጆሮው አልችል ያለውን ጫጫታ የሚናገርበት ቃል ስላጣ ነው። ጆሮው ቆስሎ፣ ጥርሱ ነድሎ እንደሆነ ያየለት ሳይኖር «ክፉ መንፈስ ያዘው» የተባለ ልጅ በሥራ ዘመኔ አጋጥሞኛል። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚዘጋበት ልጅም አይቻለሁ። እነዚህ ልጆች ሌላውን ከሚጎዱት ይልቅ ሌላው የሚጎዳቸው ይበዛል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ አንድ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በዓመት ተኩሉ የፈለገውን በጣቱ የማይጠቁም፣ ወይም ጀምሯቸው የነበሩ ቃላትን የተወ ከሆነ «ያድጋል፣ ይተወዋል» ብላችሁ አትጠብቁ። መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሩት፤ ከዚያም የሕፃናት ሐኪም ይየው። ጸበሉም ጸሎቱም አይቋረጥ፣ ሐኪሙም አይቅር። ኦቲዝም በአገራችን ከጓዳ መውጣት ከጀመረ ቆይቷል፤ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለእነዚህ ልጆች ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ውስጥ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ቶሎ የተጀመረ ሥልጠና ብዙ ልጆችን ራሳቸውን ችለው እንዲበሉ፣ እንዲለብሱ፣ ፍላጎታቸውን በቃል ወይም በሥዕል እንዲናገሩ ይረዳል።

ግራንዤን አንብቡት፤ ጥሩ ተራኪ ነው። ግን መጽሐፉን ከድናችሁ ስትነሱ ፍርሃቱን እዚያው ገጹ ላይ ተዉት። የጎረቤታችሁ ልጅ በር ላይ ቆሞ እጁን ሲያርገበግብ ብታዩት ስሙን ጠርታችሁ ሰላም በሉት። ባይመልስላችሁም እናቱ ትሰማለች።