ለአስቸጋሪ መንገድ የሚሰናዳ መኪና፤ አሰነዳዱና አጠባበቁ

መንገድና የመኪና ንግድ ምን ጊዜም ተለያይተው አይሄዱም። መንገድ በተከፈተበት አገር መኪና ይገባል፤ መኪና በገባበትም አገር መለዋወጫ ሻጭ፣ ጎሚስታና መካኒክ ተከትለው ይሰፍራሉ። ለዚህ የአዲስ ዓለም ከተማ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ፣ በአዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ስላነሰ፣ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዚህች ቦታ አዲስ መናገሻ ሊቈረቍሩ አስበው ነበር። የባሕር ዛፍ መስፋፋት አዲስ አበባን ከመለቀቅ ስላዳናት አሳቡ ቀረ። ሆኖም ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ሁለቱን ከተሞች ያገናኘው ጎዳናም በአገራችን ከተሠሩት የመጀመሪያ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ሆነ። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የደረሰው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያመጣውም ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ነው።

ዛሬ ያ መንገድ አስፋልት ለብሶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ ወደ አምቦና ወደ ነቀምት ይዘልቃል። የወንጪንና የደንዲን ሐይቆች ለማየት የሚጓዘው እንግዳም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ጎዳና ያልፋል። ይሁን እንጂ ከአስፋልቱ ወጣ ሲባል፣ በተለይም በጊንጪ ዙሪያ፣ መረሬ የተባለው ጥቍር አፈር ይጀምራል። ይህ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ግን ውሃ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። በእንዲህ ያለው ስፍራ ተጓዡን የሚያደርሰው በሚገባ የተሰናዳና የተጠበቀ መኪና ብቻ ነው።

ነገሩ ለነጋዴው ወገን ምን ያህል እንደሚመለከተው ጥቂት ማስታወስ ይበቃል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገለጸ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ የመለዋወጫ ዋጋ በብር ሲሰላ እጅግ ከፍ አለ። ስለዚህ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ከምን ጊዜውም ይልቅ ዛሬ ዋጋ ያለው ሥራ ሆኗል። ከዚህም በቀር፣ የውጭ አገር እንግዳ በአገራችን የሚከፍለው ገንዘብ ቡና ወይም ሰሊጥ ወደ ውጭ ልኮ እንደሚገኘው ሁሉ የውጭ ምንዛሪ ነው። እንግዳውን በመንገድ ላይ ያስቀረ መኪና የሚያጠፋው የአንድ ቀን ኪራይ ብቻ አይደለም፤ የሚመጣውንም ደንበኛ ያርቃል።

መኪና ለማሰናዳት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊመለከተው የሚገባው ጭነቱን ነው። ለምሳሌ ሾፌሩን ጨምሮ ስድስት ሰዎች እያንዳንዳቸው በ70 ኪሎ ቢታሰቡ 420 ኪሎ ይሆናሉ። ሻንጣቸው በነፍስ ወከፍ 20 ኪሎ ሲታሰብ 120፣ ስድሳ ሊትር ውሃ 60፣ በጄሪካን የተያዘ 40 ሊትር ናፍጣ 34፣ ሁለት ስኮርታ ጎማ 70፣ ፖርቶመጋላው ደግሞ 50 ኪሎ ቢሆን፣ ጠቅላላው 754 ኪሎ ይደርሳል። በዚህ ላይ የብረት ፓራውልትና ዊንች ሲጨመሩ ሌላ 100 ኪሎ ያህል ይታከላል። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት መኪናዎች እንዲሸከሙ የተፈቀደላቸው ግን እንደ ሞዴላቸው ከ600 እስከ 900 ኪሎ ያህል ነው። እንግዲህ ለጌጥ ተብሎ የሚጨመር ብረት ሁሉ የተሳፋሪውን ወይም የውሃውን ቦታ እንደሚወስድ መረዳት ይገባል። ከባድ ዕቃ በፖርቶመጋላ ላይ መጫንም መኪናውን በተዳፋትና በኩርባ ላይ ለመገልበጥ ያጋልጠዋል፤ ጣሪያው የሚሻው ቀላል ዕቃ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ባሌስትራና ሾክ አብዞርበር ነው። ጭነት የበዛበት መኪና አንድ ተጨማሪ የባሌስትራ ቅጠል ቢገባለት ይጠቅመዋል፤ ባዶውን ሲሄድ ግን ይነጥራል፤ ጎማውም መሬት በሚገባ አይጨብጥም። ስለዚህ ባሌስትራ የሚጨመረው ዘወትር ለሚጫነው ልክ እንጂ በዓመት አንድ ጊዜ ለሚሆነው አይደለም። ሾክ አብዞርበሩም ከተጨመረው ባሌስትራ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ጎማ ነው። ብዙዎች መኪናው ከፍ እንዲል ትልቅ ጎማ ያስገባሉ። ነገር ግን 80 ሴንቲ ሜትር ቁመት የነበረውን ጎማ በ88 የለወጠ ሰው የመኪናውን የመሳብ ኃይል በአንድ ዐሥረኛ ያህል ይቀንሳል፤ ፍሬኑም ይደክማል። የፍጥነት መለኪያው 60 ሲያሳይም መኪናው በእርግጥ በ66 ይሮጣል። በመረሬ ላይ የሚጠቅመው ከጎማው ትልቅነት ይልቅ ጥርሱ ሰፋ ያለና ጭቃውን በቀላሉ የሚያራግፍ መሆኑ ነው። በጭቃና በአሸዋ ላይ የጎማውን ንፋስ በአንድ ሦስተኛ ያህል መቀነስ በመሬት ላይ የሚያርፈውን የጎማ ክፍል ያሰፋዋል፤ ወደ አስፋልት ሲመለስ ግን ወዲያው መሙላት ያስፈልጋል። ስለዚህ የንፋስ መሙያ ፓምፕ ከዊንች ይልቅ ይቀድማል።

አራተኛው የከፍታው ጉዳይ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ ከኃይሉ በግምት አንድ መቶኛውን ያጣል። በባሕር ጠረፍ 100 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ ዓለም ወደ 76 ይወርዳል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በወንጪ አፋፍ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ውሃም በአዲስ ዓለም ከፍታ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን በደኅና ሲይዝ የሚፈላበትን ዲግሪ ከ20 በላይ ከፍ ያደርገዋል፤ የላላ ወይም ያረጀ ክዳን ግን አቀበት ላይ ሞተር ያስፈላል። ዋጋው ጥቂት የሆነ ክዳን ባለመለወጡ የሲሊንደር ራስ ሊበላሽ ይችላል። እንዲሁም ወደ ዳናክል፣ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ወደሚወርደው በረሃ የሚሄድ መኪና ራዲያተሩ ከአፈርና ከሣር ፍሬ መጽዳት ይኖርበታል።

አምስተኛው ውሃ መሻገር ነው። በአየር መሳቢያው በኩል ውሃ ወደ ሲሊንደር የገባበት ሞተር ውሃን ማመቅ ስለማይችል ቤላው ይጣመማል። የአየር መሳቢያ ቱቦውን እስከ ጣሪያ ማስረዘም ይህን ይከለክላል፤ ከአቧራም ጥቂት ያድናል። የዲፈረንሻልና የካምቢዮ መተንፈሻዎችም ካልረዘሙ፣ የሞቀው ብረት በቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃ ስቦ ዘይቱን ያነጣዋል። ስለዚህ ጥልቅ ውሃ ከተሻገሩ በኋላ የዲፈረንሻሉን ዘይትና የጎማውን ኩሽኔታ ማስመርመር ይገባል።

ጥበቃውን በተመለከተ፣ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ በየ5,000 ኪሎ ሜትር መለወጥ በአቧራ አገር የተለመደ ልክ ነው። የአየር ፊልትሮ ከአቧራማ ጉዞ በኋላ ሁሉ ይታያል። ክሮቼራዎች በየጊዜው ግራሶ ይሻሉ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል። በላንድ ክሩዘር መኪናዎች ዘንድ እጅግ የታወቀው ዋን ኤች ዜድ የተባለው የናፍጣ ሞተር የጊዜ ቀበቶ አለው፤ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ካልተለወጠና ከተበጠሰ ሞተሩን በብርቱ ይጎዳል። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ቀበቶ የለወጠውን ጋራዥ ደረሰኝ ሊጠይቅ ይገባዋል።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪና በየጊዜው እንዲመረመር ስለሚያዝ፣ በሞተር፣ በሻንሲ ወይም በአካል ላይ ለውጥ የሚያደርግ ሰው አስቀድሞ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ይጠቅመዋል። በሊብሬው ላይ ካልተመለከተ ለውጥ የተነሣ ቦሎ ለመውሰድ የተቸገረ፣ ወይም ከአደጋ በኋላ ከመድን ሰጪው ጋር የተከራከረ ባለ መኪና ጊዜውንም ገንዘቡንም ያጠፋል።

እንግዲህ ነጋዴዎቻችን ከዚህ የሚያገኙት ሥራ ብዙ ነው። አስመጪው የሚያዝዘውን ዕቃ በመልኩ ሳይሆን በሻንሲ ቍጥርና በመለዋወጫው ቍጥር ቢያዝዝ የማይገጥም ዕቃ በመጋዘኑ አይከማችበትም። አስመስለው የተሠሩ ፊልትሮዎችን ለትርፍ ብሎ የሚያከፋፍል ነጋዴ ትርፉን ዛሬ ቢያገኝም፣ ሞተሩ የተበላሸበት ደንበኛ ነገ ወደ ሱቁ አይመለስም። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ሁሉም ይገኛል፤ መኪናው ግን የሚቆመው ሶማሌ ተራ ደጃፍ አይደለም። ስለዚህ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪና በአምቦ ያሉ ባለ ሱቆች ካላማዳሪ፣ የራዲያተር ክዳንና ጎማ ቱቦ፣ የናፍጣና የዘይት ፊልትሮ፣ የፍሬን ዘይት፣ ክሮቼራና ግራሶ ዘወትር በመደርደሪያቸው ቢያኖሩ፣ ካፒታሉ ጥቂት፣ ፈላጊው ግን በየቀኑ ሆኖ ያገኙታል። ተጓዡም ለሊፍትና ለአንዲት ክዳን ሲል ወደ አዲስ አበባ ከመመለስ ይድናል።